ኦሊቨርስ ዳነ፤ ዲክን ማን ገደለው?

እንግሊዝኛ በትምህርት ቤት የተማረ ሰው ሆኖ ኦሊቨር ትዊስትን የማያውቅ ይኖራል ብዬ አልገምትም። መጽሐፉን ያልጨረሰው እንኳ ያቺን አንዲት ነገር ሰምቷታል። የሙት ልጅ ነው፤ ባዶ ሳህኑን ይዞ ወደ ባለጭልፋው ይጠጋል፤ አጥሚት እንዲጨመርለት ይጠይቃል፤ ከዚያ ጉድ ይፈላል። ብዙዎቻችን ከትምህርት ቤት መደርደሪያ ወይም ከአሮጌ መጻሕፍት ነጋዴዎች ያገኘናት ስስ መጽሐፍ፣ ለጀማሪ አንባቢ ተብላ ያጠረችው፣ በየምዕራፉ መጨረሻ ጥያቄ የተለጠፈባት፣ ይህንኑ ነበር የምታጫውተን። ልጁ ይራባል፣ ይደበደባል፣ ጠፍቶ ለንደን ይገባል፣ ሌቦች እጅ ይወድቃል፣ አንድ ደግ ሽማግሌ ያገኘዋል፣ ይድናል። አለቀ። እኔ በበኩሌ ስንት ጊዜ እንደደጋገምኳት አላስታውስም፤ ሽፋኗ ተገንጥሎ በሙጫ የተለጠፈ እንደነበር ግን አልረሳም። ብቻዬን የሆንኩ በመሰለኝ ቁጥር ወደ ኦሊቨር ነበር የምሄደው፤ ከኔ የባሰ ብቸኛ እሱ ነበራ!

ታዲያ በቅርቡ ሙሉውን፣ ባለ 53 ምዕራፉን፣ ቻርልስ ዲከንስ ራሱ እንደጻፈው አግኝቼ ከዳር እስከ ዳር አነበብኩት። ወይ ጉድ! ሁለቱ መጻሕፍት ስማቸው እንጂ ጠባያቸው አንድ አይደለም። በስሷ መጽሐፍ ውስጥ ኦሊቨርን የሚበድሉት ክፉ ሰዎች ናቸው። አንዱ ጨካኝ፣ አንዱ ሰካራም፣ አንዱ ሌባ። በሙሉው መጽሐፍ ውስጥ ግን ከእነዚህ ሁሉ ቀድሞ ልጁን የሚበድለው በጀት ያለው፣ ጠረጴዛ ከቦ ስብሰባ የሚቀመጥ፣ ውሳኔ የሚያሳልፍ ቦርድ ነው። አሳጣሪዎቹ የቆረጡብን ይህንን ነው። የቆረጡትም ገጽ ለመቆጠብ ብቻ አይመስለኝም። እስቲ አብረን እንየው።

ከገንዘቡ እንጀምር። ኦሊቨር የተወለደው እንግሊዞች ‘ወርክሃውስ’ በሚሉት ቤት ውስጥ ነው፤ ድሃ ገብቶ እየሠራ የሚቀለብበት፣ በስም መጠለያ፣ በግብሩ ግን ከእስር ቤት ብዙም የማይለይ ቦታ። እናቱ መንገድ ላይ ወድቃ ተገኝታ፣ እሱን ወልዳ እዚያው ሞተች። ከዚያ አጥቢያው (በዚያን ዘመን እንግሊዝ አገር አጥቢያ ማለት ቤተ ክርስቲያንም ቀበሌም ነው፤ ለድሃው ግብር የሚሰበስበውም የሚያድለውም እሱ ነው) ሕፃኑን የድሃ ልጆች ተቀብላ ለምታሳድግ ሴትዮ አስረከበው። ሴትዮዋ ሚስስ ማን ትባላለች። ስሟ ነው እንጂ ጥያቄ አይደለም። ለአንድ ልጅ በሳምንት ሰባት ፔኒ ተኩል ይቆረጥላታል። ብልኋ ሚስስ ማን የሚበዛውን ለራሷ ታስቀርና በተረፈችው ሃያ ሠላሳ ልጆች ታኖራለች። ማኖር ከተባለ።

ዲከንስ ይህን ቁጥር ለጌጥ አልጻፈውም። ቁጭ ብዬ አሰላሁት፤ በዓመት 1 ፓውንድ ከ12 ሺሊንግ ከ6 ፔኒ ይመጣል። ሰባት ፔኒ ተኩሏን ያዙልኝ፤ ወደ በኋላ እንፈልጋታለን።

ሕፃናቱ ይሞታሉ። አንዱ በረሃብ፣ አንዱ በብርድ፣ አንዱ ዞር የሚልለት ጠፍቶ እሳት ውስጥ ወድቆ። አንዳንዴ አጣሪ ይቀመጣል። ሐኪሙ መርምሬ ምንም አላገኘሁም ይላል፤ የአጥቢያው ሹም አጥቢያው የፈለገውን ሁሉ ይምላል፤ ፋይሉ ይዘጋል። ቦርዱም አልፎ አልፎ ቦታውን ይጎበኛል። ታዲያ ከጉብኝቱ አንድ ቀን በፊት ሹሙ ይላክና ነገ እንመጣለን ብሎ ይናገራል! ጎብኚዎቹ ሲደርሱ ልጆቹ ታጥበው፣ ጸድተው፣ አምሮባቸው ይጠብቃሉ። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? (ይህ እንግሊዝ አገር ከ180 ዓመት በፊት የተጻፈ ነገር ነው። ሌላ ነገር ትዝ ያለው አንባቢ ካለ ትዝታው የራሱ ነው፤ ጋዜጣውን አይመለከትም።)

የኦሊቨርን ስም ያወጣው የአጥቢያው ሹም ሚስተር ባምብል ነው። እንዴት? በፊደል ተራ! ከሱ በፊት የተገኘው ልጅ የ‘ኤስ’ ተራ ደርሶት ስዋብል ተባለ፤ ኦሊቨር የ‘ቲ’ ተራ ሆነና ትዊስት ተባለ፤ የሚቀጥለው አንዊን፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ቪልኪንስ እንደሚባሉ ልጆቹ ገና ሳይመጡ ተወስኗል። ሹሙ በዚህ ጥበቡ ይኮራል። በኛ አገር እናት የልቧን ምኞት፣ አባት የዘመኑን ነገር በልጁ ስም ይናገራል፤ ስሙን ሰምተህ የተወለደበትን ዘመን የምታውቀው ስንት ሰው አለ። ለኦሊቨር የደረሰው የመዝገብ ተራ ቁጥር ነው። ስሷ መጽሐፍ ይህቺን ዘልላታለች። ልጁ ‘ትዊስት’ የተባለው አባቱ ትዊስት ስለሆነ ይመስል ነበር!

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላው ወደ ወርክሃውሱ መለሱት። ልደቱን ያከበረው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የከሰል ማከማቻ ውስጥ ተቆልፎበት ነው፤ ርቦናል ለማለት ስለደፈሩ። ከዚያ ወጥቶ ቦርዱ ፊት ቀረበ። ስምንት አሥር የሚሆኑ ወፋፍራም ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ተቀምጠዋል። እነዚህ ሰዎች ነገር ያሰላስላሉ፤ ድሃው ወርክሃውሱን መዝናኛ አድርጎታል ብለው ደምድመዋል። ስለዚህ በቀን ሦስት ጊዜ ቀጭን አጥሚት፣ በሳምንት ሁለት ቀን ሽንኩርት፣ እሑድ እሑድ ግማሽ ዳቦ ይበቃል አሉ። ባልና ሚስትም ይለያዩ አሉ።

ይህ ከዲከንስ ጭንቅላት የፈለቀ ተረት አይደለም። የእንግሊዝ ፓርላማ እ.ኤ.አ. በ1834 ያወጣው የድሆች ሕግ ማሻሻያ መርሑ ይኸው ነበር። የወርክሃውስ ኑሮ ውጭ ካለው የመጨረሻ ድሃ የጉልበት ሠራተኛ ኑሮ የከፋ ይሁን፤ ያን ጊዜ ማንም አይመጣም፤ ግብር ከፋዩም ያርፋል። ዲከንስ በእነዚያ ዓመታት የፓርላማ ዘጋቢ ነበር፤ የሚጽፈውን ያውቃል። ልብ ወለዱ ከፌብሩዋሪ 1837 ጀምሮ በወር በወር በሚታተም መጽሔት እየተከፋፈለ መውጣት ሲጀምር ሰውየው ገና የ25 ዓመት ወጣት፣ ሕጉም ገና ትኩስ ነበር። ሕጉ ሲጸድቅ ጠቅላይ ሚኒስትር የነበሩት ሎርድ ሜልበርን መጽሐፉን አልወደዱትም። እንዲህ ያለውን ነገር በእውኑም ማየት ስለማይወዱ ተጽፎ እንዲቀርብላቸውም አይፈልጉም ነበር። ይህን አስተያየታቸውን በግል ማስታወሻቸው ላይ ያሰፈሩት ወጣቷ ንግሥት ቪክቶሪያ ናቸው። ንግሥቲቱ እንኳ ወደውት ነበር። አይ የሹም ነገር!

አሁን ወደዚያ ዝነኛ ጥያቄ እንምጣ። ልጆቹ ለወራት ተርበዋል። አንድ ረዘም ያለ ልጅ፣ አባቱ ትንሽ ምግብ ቤት የነበረው፣ ሌላ ሳህን አጥሚት በቀን ካልተጨመረልኝ አጠገቤ የሚተኛውን ልጅ አንድ ሌሊት ሳልበላው አልቀርም ብሎ አስፈራራ። ልጆቹ ተሰበሰቡ፣ መከሩ፣ ዕጣ ተጣጣሉ። ዕጣው በኦሊቨር ወጣ። አያችሁ? ስሷ መጽሐፍ ርቦት የጠየቀ ምስኪን ልጅ ነው የሰጠችን። ዲከንስ የጻፈው ግን ተወካይ ነው። የመላውን ክፍል ረሃብ ተሸክሞ፣ የራሱን ፍርሃት ውጦ፣ ከወንበሩ ተነሥቶ የሄደ የዘጠኝ ዓመት ተወካይ። ጭልፋው ያረፈው ግን በአንድ ጭንቅላት ላይ ነው፤ የተቆለፈበትም አንዱ ብቻ ነው። የተቀሩት ምን አሉ? ዝም። እነሱም ልጆች ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።

በማግስቱ በወርክሃውሱ በር ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። ይህን ልጅ ከአጥቢያው ጫንቃ ላይ ለሚያነሣ ሰው 5 ፓውንድ ይሰጠዋል ይላል። በሉ ያቺን ሰባት ፔኒ ተኩል አምጧት። በዚያች ሒሳብ 5 ፓውንድ ስንት ሳምንት ያበላል? 160 ሳምንት! ሦስት ዓመት ካንድ ወር ማለት ነው። አንድ ጭልፋ አጥሚት ላለመጨመር የሦስት ዓመት ቀለብ ከካዝና ይወጣል። እንግዲህ ገንዘብ የለም ብሎ ነገር እዚህ ላይ አይሠራም። ገንዘቡ ነበረ። ያልተወደደው መጠየቁ ነው።

አምስቱን ፓውንድ ሊወስድ የመጣው ጋምፊልድ የሚባል ጭስ ማውጫ ጠራጊ ነው። በዚያን ጊዜ ትንንሽ ልጆች ጠባቡ የጭስ ማውጫ ውስጥ እየገቡ ይጠርጉ ነበር፤ እዚያው ታፍነው የቀሩም ነበሩ። ቦርዱ ይህን አሳምሮ ያውቃል። አውቆስ ምን አለ? ሥራው ክፉ ስለሆነ የምንከፍለው ይቀነስ! ተከራክረው ተከራክረው በ3 ፓውንድ ከ10 ሺሊንግ ተስማሙ።

ውሉ በዳኛ ፊት መጽደቅ ነበረበት። ሁለት ሽማግሌ ዳኞች ተቀምጠዋል፤ አንደኛው ጋዜጣ ያነባሉ፤ ሌላኛው ዓይናቸው ደክሟል። ሊፈርሙ ብዕር አነሡና የቀለሙን ዕቃ ፈለጉ። የቀለሙ ዕቃ አፍንጫቸው ሥር ነው ያለው፤ እዚያው ስለሆነ አላዩትም። ጠረጴዛውን ሲያስሱ፣ ቀና ሲሉ፣ ዓይናቸው ኦሊቨር ፊት ላይ ዐረፈ። ልጁ በፍርሃት ዐመድ መስሏል። ዳኛው ብዕሩን አስቀመጡ። ምን ሆነሃል ብለው ጠየቁት። ኦሊቨር ተንበርክኮ፣ ከዚህ ሰውዬ ጋር ከምትልኩኝ ግደሉኝ ብሎ ለመነ። ውሉ ቀረ። የቀለሙ ዕቃ በገመቱበት ቦታ ቢገኝ ኖሮ ልጁ ጭስ ማውጫ ውስጥ ገብቶ መጽሐፉም በሦስተኛው ምዕራፍ ያልቅ ነበር።

በኔ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ ይህን የሚያህል ቦታ የለም። ሕጉ ልጁን አላዳነውም። ሕጉማ አሳልፎ ሊሰጠው ብዕር አንሥቶ ነበር። ያዳነው የአንድ ሽማግሌ ዓይን ድካም ነው። እንዲህ ያለውን ነገር የሚጽፍ ሰው ችሎት ውስጥ ቁጭ ብሎ ያየ መሆን አለበት፤ ዲከንስም ከፓርላማው በፊት ፍርድ ቤት ቃል በአጭር ጽሕፈት እየመዘገበ እንጀራውን የበላ ሰው ነው። እንዲያውም በመጽሐፉ ውስጥ ሰው ሲያመናጭቅ የሚውለውን ሚስተር ፋንግ የሚባለውን ሌላ ዳኛ የቀዳው ለንደን ውስጥ ሃተን ጋርደን ከሚባለው ችሎት፣ ሌይንግ ከተባለ እውነተኛ ዳኛ ላይ ነው። ዳኛው እ.ኤ.አ. በ1838 ከወንበሩ ተነሥቷል። ብዕር አንዳንዴ እንዲህም ይሠራል።

ይህን ሁሉ ያልኩት ግን ወደ ዲክ ለመድረስ ነው። ዲክን ታስታውሱታላችሁ? ስሷን መጽሐፍ ብቻ ያነበበ ሰው አያስታውሰውም፤ የለበትም፤ በኔ ቅጂ ውስጥ ስሙ እንኳ አልነበረም። በሙሉው መጽሐፍም የሚታየው ሦስት ጊዜ ብቻ ነው።

መጀመሪያ ኦሊቨር ከሬሳ ሣጥን ሠሪው ቤት ጠፍቶ ወደ ለንደን ሲነሣ። በማለዳ በሚስስ ማን ደጅ ያልፋል። አንድ ትንሽ ልጅ፣ አብሮት የተራበ፣ አብሮት የተገረፈ፣ አብሮት የታሰረ፣ ያትክልት ቦታውን እያረመ ነው። ልጁ ከስቷል፣ ገርጥቷል። ሐኪሙ እንደሚሞት ሲናገር መስማቱን ለኦሊቨር ይነግረዋል። ከዚያ አጥሯ ላይ ተንጠልጥሎ አንገቱን አቅፎ ሳመውና መረቀው። ኦሊቨር በሕይወቱ የተመረቀው ያኔ የመጀመሪያው ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ በኛ ቤት ልጅ መንገድ ሲወጣ የሚመርቀው አባት ነው፣ አያት ነው፣ ሽማግሌ ነው። ኦሊቨርን የመረቀው ከሱ የሚያንስ፣ ሊሞት የተቃረበ ሕፃን ነው። ሌላ ሰው ስላልነበረ!

ሁለተኛው በ17ኛው ምዕራፍ ነው። ሚስተር ባምብል ሚስስ ማን ቤት መጥቶ ዲክ ይቀርባል። የምትፈልገው ነገር አለ ወይ ይሉታል። ልጁ አለ ይላል። መጻፍ የሚችል ሰው ካለ ጥቂት ቃል ወረቀት ላይ አስፍሮ፣ አጥፎና አሽጎ እሱ ከሞተ በኋላ እንዲያስቀምጥለት ይለምናል። ቃሉ ለኦሊቨር ነው፤ እንደሚወደው፣ በጨለማ ብቻውን እየተንከራተተ መሆኑን እያሰበ ብዙ ጊዜ ማልቀሱን። ሌላ ነገር አልጠየቀም። ዳቦ አልጠየቀም፣ ብርድ ልብስ አልጠየቀም። ሹሙና ሴትዮዋ ምን ያደረጉ ይመስላችኋል? ደነገጡ። ያ ኦሊቨር እነዚህንም አበላሽቷቸዋል፣ ጉዳዩ ለቦርዱ ሪፖርት ይደረጋል ተባለ። ዲክም ወደ ከሰል ማከማቻው ተወስዶ ተቆለፈበት። ኦሊቨር ልደቱን እንዳከበረበት ዓይነት።

ወረዱና ለአንድ የሙት ልጅ የተጻፈ አንድ የሰላምታ ደብዳቤ ማንን ይጎዳል? ሁለት ብቸኛ ልጆች ከተዋደዱ ግን ሁለት ናቸው። ቦርዱ የሚያውቀው አንድ በአንድ በሰባት ፔኒ ተኩል ነው። ይህ ነው ያስደነገጣቸው ብዬ አምናለሁ።

ባምብል ከዚያ ለሥራ ለንደን ሄደ። ጋዜጣ ሲያነብ ብራውንሎ የሚባለው ደግ ሽማግሌ ስለ ኦሊቨር ወሬ ላመጣልኝ 5 ጊኒ እሰጣለሁ ብሎ ያወጣውን ማስታወቂያ አየ። ሮጦ ሄደ፤ ልጁ ከመወለዱ ጀምሮ ክፉ ነው ብሎ ስሙን አጠፋ፤ 5 ጊኒውን ኪሱ ከተተ። በአንድ ልጅ ስም ስንት ጊዜ ይበላል?

ሦስተኛው በ51ኛው ምዕራፍ ነው። ኦሊቨር አልፎለታል፤ በሠረገላ፣ ከሚወዱት ሰዎች ጋር ወደ ተወለደባት ከተማ ይመለሳል። ሐሳቡ ሁሉ ዲክ ጋ ነው። ይዤው እሄዳለሁ፣ አለብሰዋለሁ፣ አስተምረዋለሁ እያለ ነው የሚገባው። ዲክ ሞቷል። ዲከንስ ይህን በአንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ምዕራፉን ይዘጋል። መቼ ሞተ፣ ማን ቀበረው፣ የለም።

አሁን ርእሱ ላይ ያለውን ጥያቄ ልመልስ። ዲክን ሚስስ ማን ገደለችው ማለት ይቀላል። ግን ሰባት ፔኒ ተኩል የመደበው፣ ነገ እንመጣለን ብሎ የሚጎበኘው፣ አጣሪው ምንም አላገኘሁም ሲል የሚፈርመው ቦርድ ነው። ነጭ ሰደርያ የለበሱ፣ ቁርሳቸውን በልተው የመጡ ሰዎች። ደግሞ ከነሱ ጀርባ ግብር እንዲቀንስለት የፈለገ ጨዋ ሕዝብ አለ።

ዲከንስንም ቢሆን ሳልነካው አላልፍም። መጽሐፉን በጣም ወድጄዋለሁ፤ ቢሆንም መጨረሻው ላይ ያሸሸን ይመስለኛል። ኦሊቨር ለምን ዳነ? የጨዋ ዘር ሆኖ ስለተገኘ! የአባቱ ኑዛዜ ወጣ፣ የእናቱ እኅት ተገኘች፣ የብራውንሎ የልብ ወዳጅ ልጅ መሆኑ ታወቀ። በወርክሃውስ አድጎ፣ በሌቦች መካከል ውሎ እንግሊዝኛው እንኳ እንደ ጌታ ልጅ ነው። ጓደኛው ጃክ ዶውኪንስ፣ ያ ኮቱ ቁርጭምጭሚቱ የሚደርስ ኪስ አውላቂ፣ ኦሊቨርን ርቦት ባገኘው ጊዜ ያበላው ልጅ፣ በአንዲት የትንባሆ ቆርቆሮ ተይዞ ባሕር ማዶ ተጋዘ። ናንሲ ኦሊቨርን ለማዳን ስትል በምትወደው ሰው ተቀጥቅጣ ተገደለች። እነዚህም አሳዳጊ የሌላቸው ነበሩ። ኑዛዜ የተጻፈለት ግን ኦሊቨር ብቻ ነው። ደራሲው ስድስት መቶ የሚጠጋ ጥያቄ ያህል የከበደ ነገር አንሥቶ መልሱን ከዘር ሐረግ ውስጥ ሲያወጣው ትንሽ ያሳዝናል።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ ይህን ብዙ ሰው አያውቀውም። ዲከንስ የ12 ዓመት ልጅ ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1824፣ አባቱ በዕዳ ተይዘው ማርሻልሲ እስር ቤት ገቡ። ልጁ ቴምስ ወንዝ ዳር ባለ የጫማ ቀለም ፋብሪካ ተቀጥሮ በሳምንት ስድስት ሺሊንግ እየተከፈለው ብልቃጥ ላይ ወረቀት ይለጥፍ ነበር። እዚያ አብሮት የሚሠራ አንድ ታላቁ የሆነ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ትንሹ ቻርልስ ጎኑን ክፉኛ ሲያመው ይህ ልጅ የቀለም ብልቃጥ ሙቅ ውኃ እየሞላ ሲያስታምመው ዋለ። የልጁ ስም ቦብ ፌጊን ነው። የሙት ልጅ ነበር። ዲከንስ አድጎ የሌቦቹን አለቃ፣ ሕፃናት እየሰበሰበ መስረቅ የሚያስተምረውን ሰውዬ፣ ምን ብሎ ሰየመው? ፌጊን! ለምን እንዲህ እንዳደረገ አንዱ ይህን ሌላው ያን ይላል። ፋብሪካውን ዕድሜውን ሙሉ ሲደብቀው ኖሯል፤ ለወዳጁ ለጆን ፎርስተር ብቻ ነግሮ፣ ዓለም የሰማው ደራሲው እ.ኤ.አ. በ1870 ካረፈ በኋላ ነው። ምናልባት ያ ደግነት ያስታወሰው ውርደቱን ይሆናል። ሰው ያጎረሰውን እጅ የሚነክሰው አንዳንዴ ጎርሶ እንደነበር እንዳይታወቅበት ነው።

ስለ ፌጊን ካነሣሁ፣ በሙሉው መጽሐፍ ውስጥ ሰውየው በስሙ ሳይሆን ‘ይሁዲው’ እየተባለ በመቶዎች ለሚቆጠር ጊዜ ይጠራል። ያስጠላል። ኤሊዛ ዴቪስ የተባሉ አይሁዳዊት እመቤት እ.ኤ.አ. በ1863 ደብዳቤ ጽፈው ወገኖቼን በድለሃል አሉት። በመጀመሪያ ተከራከራቸው። በኋላ ግን እ.ኤ.አ. በ1867 በወጣው እትም፣ በተለይ በኋለኞቹ ምዕራፎች፣ ያንን ቃል በብዛት ሰርዞ ‘ፌጊን’ በሚለው ተካው። እንዲህ ዓይነቱ ማሳጠር ይመቸኛል።

ለመሆኑ ይህ ሁሉ ለኛ ምናችን ነው? አንድ ነገራችን ይመስለኛል። ስሷን መጽሐፍ እያነበብን ያደግን ሰዎች ስለ ወላጅ አልባ ልጅ ስናስብ መጀመሪያ የሚመጣልን ብራውንሎ ነው። ባለጸጋ ይመጣል፣ ልጁን ይወስዳል፣ ያስተምራል። የተወካዮች ምክር ቤት በጥር 2010 ዓ.ም. የውጭ አገር ጉዲፈቻን በሕግ ሲከለክል በየሻዩ ቤቱ የሰማሁት ክርክር ባብዛኛው ስለ ብራውንሎ ነበር። ፈረንጁ ደግ ነው ወይስ ክፉ? ይውሰድ ወይስ ይቅር? እገዳውን እኔም ደግፌ ነበር፤ ልጅ ከቋንቋውና ከስሙ ተነቅሎ መሄዱን አልወደውም። ግን ከሄዱት ይልቅ ያልሄዱት ይበልጡ ነበር። እነሱ ያሉበት ቤት ለአንድ ልጅ ስንት እንደሚመደብ፣ ከተመደበው ሳህኑ ላይ ስንት እንደሚደርስ፣ ጎብኚው ሳይነግር ይሂድ ወይስ ነግሮ፣ በዚያ ሻይ ቤት ሲነሣ አልሰማሁም። ይህ የዲክ ጥያቄ ነው። ከመጽሐፋችን ተቆርጦ የቀረው ልጅ ጥያቄ።

ለልጆች የሚጻፍ ነገር ማጠር አለበት የሚሉ መምህራን አሉ፤ አከብራቸዋለሁ። 53 ምዕራፍ ለሰባተኛ ክፍል አይሰጥም። የዲክ ሞት ልጅ ያስጨንቃል ይላሉ ደግሞ። ናንሲ ስትገደል አያስጨንቅም እንዴ? እሷን አላስቀሯትም። ሳይክስ ጣራ ላይ በገዛ ገመዱ ሲታነቅም አልቀረም፤ በኔ ቅጂ ሥዕል ሁሉ ነበረው! ሌባ ሲሞት ልጅ ይችለዋል፣ በአስተዳደር ጥፋት ልጅ ሲሞት ግን አይችለውም ማለት ነው?

ሌላም የቀረ አለ። ባምብልና ሚስቱ መጨረሻቸው ከሹመት ተሽረው፣ ደኽይተው፣ ሲገዙት በነበረው ወርክሃውስ ውስጥ ተመጽዋች ሆነው መግባት ነው። ኦሊቨርን ሲያሰቃይ የነበረው ኖኣ ክሌይፖል ደግሞ ምን ሥራ ያዘ መሰላችሁ? ጆሮ ጠቢነት! እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ከሚስቱ ጋር ይወጣል፤ እሷ መጠጥ ቤት ደጃፍ ላይ የወደቀች ትመስላለች፤ ባለቤቱ አዝኖ በዚያ በተከለከለ ሰዓት ጠብታ ብራንዲ ሲሸጥላቸው ኖኣ በማግስቱ ይጠቁምና የቅጣቱን ግማሽ ይወስዳል። ርኅራኄ ያሳየ ሁሉ ይቀጣል፤ ጠቋሚው ይበላል። ይቺንስ ለምን ቆረጧት? በሳቅ የሚያፈነዳ ነገር ነው፤ ልጆች ይወዱታል።

መጽሐፉን እንደገና አሳጥሮ ለልጆች የሚያዘጋጅ፣ ወይም ወደ አማርኛ የሚመልስ ሰው ካለ አንድ ነገር እለምነዋለሁ። የፈለገውን ይቁረጥ። የኑዛዜውንና የቀለበቱን ምስጢር በግማሽ ቢቀንሰው እኔ አልከሰውም፤ እዚያ ላይ አዋቂውም ይተኛል። የ17ኛውን ምዕራፍ መጀመሪያ ግን ይተውልን። ባምብል ሚስስ ማን ቤት የሚገባበትን፣ ዲክ ተጠርቶ የሚቆምበትን፣ ያችን ደብዳቤ የሚለምንበትን። ከጥቂት ገጽ አይበልጥም።